ሳይራቡ ክብደት መቀነስ፦ ከመካነ ሰላም ማዕድ የተወሰደ ምክር

መግቢያ

በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የተለየነውን ሰው ስናገኝ መጀመሪያ የምንለው ምንድን ነው? "ወፍረሃል፣ አምሮብሃል!" እንላለን። ይህ አነጋገር ነቀፋ ሳይሆን ምርቃት ነው። በተቃራኒው "ምነው ከሳህ?" ከተባለ አሞህ ነበር ወይ፣ ተቸግረህ ነበር ወይ ማለት ነው። ለወሎ ሰው ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። በ1965 እና 66፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን ወሬ ገና አልጠፋም። ያንን ዘመን ያየ ሰው ሥጋ መልበስን እንደ ችግር እንዲቆጥር መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም ዛሬ በዚያው በወሎ፣ በዚያው በመካነ ሰላም ከተማ፣ ክብደታቸው በመብዛቱ ምክንያት ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ የሚጋለጡ ሰዎች አሉ። እነዚህን ሰዎች "ቀንሱ" ማለት ቀላል ነው። እንዴት እንደሚቀንሱ የሚነግራቸው ግን ብዙም የለም። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝም በቅርብ ያየሁት የአክስቴ ጉዳይ ነው። የጽሑፉ ዓላማ ክብደት መቀነስ ማለት መራብ እንዳልሆነ፣ ከውጭ የሚመጣ ልዩ ምግብም እንደማያስፈልገው፣ በቤታችን ባለው እህልና ጥራጥሬ ሊሠራ እንደሚችል ማስረዳት ነው።

የአክስቴ ነገር

አክስቴ ተወልዳ ያደገችው ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚወርደው ገጠር ነው። እዚያ እያለች ውኃ ከምንጭ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች፣ እህል ለማስፈጨት ዳገት ቁልቁለቱን ትወጣለች ትወርዳለች። ከ12 ዓመት በፊት ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ወደ ከተማ ገብታ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ኑሮዋም ተሻሻለ። ቧንቧው ግቢ ውስጥ ገባ፣ ወፍጮው ቅርብ ሆነ፣ ዕቃ ለማምጣት ባጃጅ አለ። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች።

በዚህ መካከል በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየጨመረች ሄደች። ጎረቤቱ ሁሉ "ከተማ ተስማማሽ" ይላታል። እሷም ደስ ይላታል። በኋላ ራስ ምታቱ ሲበዛባት ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄደች። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ስኳሯም ገና በሽታ ባይባልም ወደዚያው የተጠጋ ነበር። ክብደቷ 82 ኪሎ ግራም፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ58 ሳንቲ ሜትር። የመረመራት ባለሙያ የግፊት መድኃኒት አዘዘላትና "ክብደት ቀንሺ" ብሎ ወደሚቀጥለው ታካሚ አለፈ።

አክስቴ እንግዲህ የገባትን አደረገች። ምግብ ተወች። ጧት አንድ ሲኒ ቡና፣ ቀን ምንም፣ ማታ ሱቅ ከዘጋች በኋላ ግን መያዝ አቅቷት የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትበላለች። በሦስተኛው ሳምንት ዕቃ ከመደርደሪያ ልታወርድ ስትነሳ አዙሯት ወደቀች። እኔ ለእረፍት ቤት የደረስኩት በዚያው ሰሞን ነው። "እትየ፣ ማን ነው ጹሚ ያለሽ?" ብዬ ብጠይቃት "ቀንሺ አሉኝ፣ ከመተው ሌላ በምን ይቀነሳል?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ባዮሎጂ እያጠናሁ ለገዛ አክስቴ የምመልሰው ማጣቴ አሳፈረኝ። ከዚያ በኋላ ነው ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት።

1. ለመሆኑ ክብደት በዛ የሚባለው መቼ ነው?

በዓይን ግምት መፍረድ አይቻልም። በዓለም የጤና ድርጅት የተለመደው መለኪያ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ቢ.ኤም.አይ. የሚባለው ሲሆን አሠራሩም የሰውየውን ክብደት በኪሎ ግራም ወስዶ በሜትር በተለካው ቁመቱ ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ከሲታ፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ከሆነ ደህና፣ ከ25 እስከ 29.9 ከሆነ ክብደቱ የበዛ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። የአክስቴን ስናሰላው 82 ለ1.58፣ እንደገና ለ1.58 ሲካፈል ወደ 32.8 ይመጣል።

ሚዛን የሌለው ሰው በልብስ ሰፊ ሜትር ወገቡን ቢለካም ጥሩ ፍንጭ ያገኛል። የወገብ ዙሪያ ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ ለልብና ለስኳር በሽታ ያለው ተጋላጭነት ይጨምራል። ሆድ አካባቢ የሚጠራቀም ስብ ዳሌ ላይ ካለው ይልቅ ጎጂ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በአገራችን የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል ከሲታ የሆኑት በ1992 ዓ.ም. 30 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 22 በመቶ ወርደዋል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ክብደታቸው የበዛ ወይም ከመጠን ያለፈ ሴቶች ደግሞ ከ3 ወደ 8 በመቶ ከፍ ብለዋል። ሁለቱ ችግሮች ጎን ለጎን አሉ ማለት ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዷ መጨመር፣ ሌላዋ መቀነስ የሚገባት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሁላችንም እንክሳ አይልም። መጀመሪያ ተለኩ ነው የሚለው።

2. ጥፋቱ የእንጀራው ነው?

ብዙ ሰው ለመቀነስ ሲያስብ መጀመሪያ የሚከሰው እንጀራን ነው። ነገር ግን አክስቴ ገጠር እያለችም እንጀራ ትበላ ነበር፤ ያኔ ቀጭን ነበረች። ታዲያ ምን ተለወጠ?

ሰውነታችን እንደ ገበሬ ጎተራ ነው። ከሚወጣው የሚገባው ሲበልጥ ትርፉ ይከማቻል፤ የሰውነት ክምችት ደግሞ ስብ ነው። ድሮ በገጠር የክረምቱ ሥራና የሐምሌ ነሐሴ የእህል ማነስ ጎተራውን ያጎድሉት ነበር። ሱቅ ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው ግን የሚጎድልበት ወቅት የለም።

በክፍል እንደተማርነው አንድ ግራም ስታርች፣ ስኳር ወይም ፕሮቲን ወደ 4 ኪሎ ካሎሪ ጉልበት ይሰጣል። አንድ ግራም አልኮል 7፣ አንድ ግራም ቅባት ግን 9 ይሰጣል። ይህን ይዤ አክስቴ በሳምንት የምትበላውንና የምትጠጣውን በደብተር ጻፍኩ። የተገኘው ነገር እሷንም እኔንም አስገረመን።

አንደኛ ዘይት። ለአራት ሰው ቤት በ10 ቀን 2 ሊትር ያልቃል። አንድ ሊትር ዘይት ወደ 920 ግራም ስለሚመዝን ወደ 8 ሺህ 300 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ሁለቱ ሊትር ለአራት ሰው፣ ለ10 ቀን ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን ከ400 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይደርሰዋል። ገጠር እያለች ይህ ሁሉ ዘይት አልነበረም፤ የነበረው ጥቂት ኑግ ወይም ተልባ፣ ለበዓል ደግሞ ቅቤ ነው።

ሁለተኛ ስኳር። በቀን 5 ብርጭቆ ሻይ ትጠጣለች፤ በያንዳንዱ 3 የሻይ ማንኪያ። 15 ማንኪያ በ4 ግራም ሲባዛ 60 ግራም፣ ማለትም 240 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ዐዋቂ ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 እንዲያንስ ነው። በዓመት ብናሰላው 60 ግራም በ365 ቀን ወደ 22 ኪሎ ስኳር ነው። "ሃያ ሁለት ኪሎ? እኔ ብቻዬን?" አለች። አዎ፣ ብቻዋን።

ሦስተኛ የእራት ሰዓት። ሱቅ ተዘግቶ፣ ተሠርቶ፣ ሲቀርብ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚያ መተኛት ነው።

አራተኛና ዋናው እግር ነው። ያ ሁሉ የዳገት ጉዞ ቀርቷል።

እንግዲህ እንጀራው ባለበት አለ፤ የተለወጠው በላዩ የሚፈሰው ዘይትና ከሥሩ የነበረው እግር ነው ማለት ይቻላል።

3. ምግብ መዝለል ለምን አይበጅም?

ምግብ የዘለለ ሰው መጀመሪያ ላይ ሚዛኑ ሲቀንስለት ያያል። ከዚህ ቅናሽ አብዛኛው ግን ውኃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስታርች ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ እሱ ሲያልቅ ውኃውም አብሮ ይሄዳል። ረሃቡ ከቀጠለና የፕሮቲን ምግብ ካነሰ ሰውነት ጡንቻውንም መንካት ይጀምራል። ጡንቻ ሲቀንስ ደግሞ በእረፍት ጊዜ የሚቃጠለው ጉልበት ይቀንሳል። በመሆኑም ሰውየው ወደ ድሮ አመጋገቡ ሲመለስ ክብደቱ ቶሎ ይመለሳል።

ከዚህም ባሻገር ቀኑን ሙሉ የተራበ ሰው ማታ ልኩን አያውቅም። ጨጓራ "በቃኝ" ብሎ ለአንጎል እስኪያሳውቅ ወደ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ የተራበ ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት እንጀራ ሊጨርስ ይችላል። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ ድንገት ምግብ ማቆም ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

ለጤና የሚመከረው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ያልበለጠ ቅናሽ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7 ሺህ 700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ በቀን 500 ያህል መቀነስ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያመጣል ተብሎ ይታሰባል። ደስ የሚለው ነገር ጥቅሙን ለማግኘት ቀጭን መሆን አያስፈልግም። በ1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2002) ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ልክ እንደ አክስቴ ስኳራቸው ወደ በሽታ የተጠጋ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህል ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ግብ የተሰጣቸው ሰዎች፣ ይህ ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በስኳር በሽታ የመያዛቸው ዕድል በ58 በመቶ ቀንሷል። ለ82 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት ከ6 ኪሎ ብዙ አይበልጥም።

4. ከማዕዳችን ምን ይለወጥ?

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው በየቀኑ የተለያየ ምግብ መመገብን፣ ጥራጥሬን፣ አትክልትና ፍራፍሬን ማዘውተርን፣ ስኳር፣ ጨውና ቅባት መቀነስን፣ መንቀሳቀስን ይመክራል። ይህን ወደ መካነ ሰላም ወጥ ቤት ስናመጣው እንደሚከተለው ይሆናል።

ሀ/ ዘይት በማንኪያ ይለካ። ከጀሪካን በቀጥታ የሚደፋ ዘይት ልኩ አይታወቅም። አክስቴ ቁሌቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በትንሽ በትንሹ ውኃ ጠብ እያደረገች ታበስላለች፤ ዘይቱን በኋላ በሾርባ ማንኪያ ለክታ ትጨምራለች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ነው። አሁን 2 ሊትሩ 20 ቀን ይቆያል። ባሏ መጀመሪያ ሰሞን "ወጡ ደረቀ" ብሎ ነበር፤ በወሩ ለመደው። የዘይት ዋጋ በናረበት ጊዜ ይህ ለኪስም ይረዳል። ሲገኝ ደግሞ ከሚረጋው ዘይት ይልቅ ፈሳሹን መምረጥ ለልብ ይሻላል።

ለ/ ስኳር ቀስ በቀስ ይውረድ። ከሦስት ማንኪያ በአንድ ቀን ወደ ባዶ መውረድ የሚችል ጥቂት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ምላስን ያለማምዳል። አክስቴ አሁን በአንድ ብርጭቆ አንድ ማንኪያ ላይ ደርሳለች። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ወደ 30 ግራም ገደማ ስኳር እንዳለው ማወቅም ይጠቅማል። ለእንግዳ ለስላሳ ማቅረብ ክብር ነው እንላለን፤ ጥሩ ቡናም እኮ ያንን ያህል ክብር ነው።

ሐ/ የቡና ቁርሱ ይታሰብበት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ያለ ስኳር ቢጠጡ ክብደት አይጨምሩም። የሚጨምረው አብሮ የሚቀርበው ነው። ድፎ ዳቦ፣ ብስኩት ወይም በዘይት የታሸ ቂጣ በቀን ሁለት ጊዜ ሲደጋገም የአንድ ምሳ ያህል ይሆናል። በምትኩ አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ ወይም የባቄላ ንፍሮ ይበቃል። ጎረቤት ቡና በጨው የሚጠጣ ከሆነ ግን የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨውን መተው አለበት። የአንድ ቀን ጠቅላላ ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች እንዲሆን ይመከራል።

መ/ ደጋው የሚያበቅለውን አንናቅ። የእኛ ደጋ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ አገር ነው፤ ወደ ዓባይ ሲወረድ ደግሞ ማሽላና ጤፍ ይመጣል። ከተማ ስንገባ ግን ነጭ የጤፍ እንጀራ፣ ነጭ ዳቦና ፓስታ የደህና ኑሮ ምልክት ይሆኑና ገብስና ባቄላ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በምግብነታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ገብስ ውስጥ ያለው ቃጫ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ስለሚያደርግ ጥጋብ ያቆያል። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ደግሞ ፕሮቲንና ቃጫ አብረው ይዘዋል። ጧት የገብስ ቂንጬ ወይም ስኳር የሌለበት በሶ፣ ምሳ ላይ ክክ ወይም ምስር፣ በመካከል ንፍሮ ወይም አሹቅ ያገኘ ሰው ማታ እንደ ተራበ ጅብ አይሆንም።

ሠ/ ጎመን ከዳር ወደ መሀል ይምጣ። በብዙ ቤት ጎመን የሚሠራው ሌላ ሲጠፋ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግን በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ብዙ ቦታ ይሞላሉ፣ ካሎሪያቸው ግን ትንሽ ነው። ድንች ከስታርች ወገን ስለሆነ እንደ አትክልት ሳይሆን እንደ እንጀራ ይቆጠር። ድንች በእንጀራ ስንበላ እንጀራ በእንጀራ እየበላን ነው።

ረ/ የጋራው ትሪ። ይህ ከሁሉ የከበደው ነበር። የውጭ አገር ምክሮች "በትንሽ ሰሃን ብሉ" ይላሉ። እኛ ዘንድ ግን ቤተሰብ ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው፤ በጋራ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። አክስቴ መጀመሪያ ለብቻዋ በሰሃን በላች። ልጆቿ "ተቆጣሽን እንዴ?" አሏት፤ እሷም አልጣማትም። በመጨረሻ ያገኘነው መላ እንዲህ ነው። ትሪው የጋራ ሆኖ ይቀጥላል፤ በእሷ በኩል ግን አንድ እንጀራ ብቻ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ጎመኑም በፊቷ ይደረጋል። እሱ ሲያልቅ የእሷ አለቀ ማለት ነው። የምትጀምረውም ከጎመኑ ነው፤ እንጀራውን እየቆነጠረች እንደ ማንኪያ ትጠቀምበታለች። ጉርሻ ሲመጣ አንዱን ትቀበላለች። አንድ ጉርሻ ማንንም አያወፍርም፤ እምቢ ማለቱ ግን ቅር ያሰኛል። "በሞቴ፣ አፈር ስሆን" ሲባል ደግሞ ቀስ ብሎ መብላትን የመሰለ መከላከያ የለም። በፊቱ ምግብ ያለበትን ሰው ማንም ብላ አይለውም።

ሰ/ እራት ቀደም ይበል። ልጇ እራቱን 1 ሰዓት ላይ ወደ ሱቅ ታመጣላታለች። ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ውኃ ወይም ስኳር የሌለው ሻይ ብቻ ነው።

ሸ/ መጠጥ። ጠላም አረቄም ቢራም ጉልበት አላቸው፤ ሲጠጡ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይከፍታሉ። ለድግስ ይሁን እንጂ ለየዕለቱ አይሁን።

5. በጾም ወቅት

ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ የሚኖርበት አገር በመሆኑ የሁለቱንም ጾም ማንሳት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጾም በራሱ የሚያከሳ ይመስለዋል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም።

በኦርቶዶክስ ጾም ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ይቀራሉ፤ ነገር ግን በቅቤው ፈንታ ዘይቱ በእጥፍ ከገባ፣ በዚያ ላይ ፓስቲና ብስኩት ከተጨመረ፣ ከፍስክ የባሰ ይሆናል። ጾሙን ለጤና የሚጠቅም የሚያደርገው ጥራጥሬው፣ ጎመኑና የሱፍ ፍትፍቱ ነው። ከሁዳዴ በኋላ በፋሲካ ሰሞን የሚመጣው ድንገተኛ የሥጋና የቅቤ ብዛትም የሁለት ወሩን ልፋት በአንድ ሳምንት ያበላሻል።

በረመዳን ደግሞ ማፍጠሪያው ላይ ነው ጥንቃቄው። ቴምርና ውኃ፣ ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ ጥቂት እረፍት ወይም ሶላት፣ ከዚያ ዋናው ምግብ ቢሆን ሆድ ልኩን ያውቃል። ሳምቡሳ አንድ ይበቃል። ሱሁርን አለመተው፣ እሱም ላይ የገብስ ወይም የባቄላ ነገርና በቂ ውኃ መውሰድ ቀኑን ያቀለዋል። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ጾም ከመጀመሩ በፊት የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር ይነጋገር።

6. እግርን መመለስ

ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመከራል። ለአክስቴ በሳምንት አምስት ቀን 40 ደቂቃ መራመድን መረጥን፤ ይህም በእሷ ክብደት ወደ 150 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። እዚህ ላይ ያላሰብነው ችግር መጣ። በእኛ ከተማ አንዲት ትልቅ ሴት ያለ ጉዳይ ስትራመድ ያየ ሁሉ "ወዴት ነው? ደህና ነው ወይ?" ይላል። ሰው የሚራመደው ለቅሶ፣ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ነዋ! አክስቴ በሁለተኛው ቀን ሰልችቷት ልትተው ነበር። ከዚያ አንድ መላ ዘየደች። ባዶ ዘንቢል ይዛ ትወጣለች። ዘንቢል የያዘችን ሴት ማንም ወዴት ነሽ አይላትም። ከተማችን ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ዳገቱ ለጀማሪ ያደክማል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሜዳው፣ ከሳምንታት በኋላ በዳገቱ ማድረግ ይሻላል።

7. ለእኛ ለተማሪዎች

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ከሚገባን በላይ ክብደት የለንም፤ እንዲያውም ያነሰን አለን። ስለዚህ ጓደኛ ስለቀነሰ ብቻ መቀነስ ስህተት ነው። ክብደት የጨመረ ተማሪ ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከካፌው ምግብ ውጪ ማታ ማታ በጥናት ሰዓት የሚበላው ፓስቲ፣ ብስኩትና ጣፋጭ ሻይ ነው። እንቅልፍ ማነስም ረሃብን ይጨምራል። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ያከሳል ብለው የሚቅሙ አሉ። ይህ ግን እንቅልፍ ይነሳል፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ይጨምራል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በየገበያው "ያከሳል" እየተባለ የሚሸጥ ምንነቱ ያልታወቀ ክኒንና ሻይም እንዲሁ መራቅ ያለበት ነው።

ጥንቃቄ

ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ፣ እንዲሁም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ባለሙያ ምክር ክብደት ለመቀነስ መነሳት የለባቸውም። ሳይፈልግ በራሱ የሚከሳ፣ ውኃ ጥሙና ሽንቱ የበዛበት ሰው ደግሞ ደስ ሊለው አይገባም፤ ቶሎ ይመርመር። የስኳር በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

አክስቴ በስድስት ወር ውስጥ ከ82 ወደ 75 ኪሎ ወርዳለች። በስሌቱ መሠረት ከዚህ የበለጠ መቀነስ ነበረባት። ነገር ግን በመካከሉ ፋሲካ ነበር፣ ሁለት ሠርግ ነበር፣ ሰውነትም ሲቀንስ የሚያቃጥለው ጉልበት አብሮ ይቀንሳል። ቢሆንም ከ8 በመቶ በላይ ነው የቀነሰችው። መለኪያዋ ገና 30 ላይ ነው፤ ቀጭን አልሆነችም። ግፊቷ ግን ተስተካክሏል፣ ስኳሯም ወደ ደህናው ተመልሷል። የግፊት መድኃኒቱን ሐኪሟ እስኪላት ድረስ አላቋረጠችም።

ቀሪው ችግር የሰው አፍ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤት ቡና ላይ "ምነው እንዲህ ከሳሽ? በሽታ ነው እንዴ? ሱቁ ከሰረ?" አለቻት። አክስቴ ልቧ ተሰብሮ እንደሆነ ብዬ ፊቷን አየሁ። እሷ ግን "አይ እህቴ፣ እኔ ሰባ ሰባትን ያየሁ ነኝ፤ መክሳት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ይኸኛው ጠግቤ ነው" አለቻት። ጎረቤቷም ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና "እስቲ የኔንም ወገብ በዚያ ሜትር ለኪልኝ" አለች።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እናቶቻችንንና አክስቶቻችንን "ቀንሱ" ብለን አንለፋቸው። አብረናቸው እንቀመጥ፤ ዘይቱን እንለካ፣ ስኳሩን እንቁጠር፣ ዘንቢሉን ይዘን አብረን እንውጣ።